ያጠፋው የእህቴ ልጅ፣ የተጠየቅሁት እኔ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ፖሊስ ያለ ፈቃድ ይኖራል ብሎ የጠረጠረውን ሰው ወረቀት እንዲያጣራ የሚያዘው የአሪዞና የስደተኞች ሕግ በተነሳ ቁጥር «ወረቀቱ የተሟላ ሰው ምን ያስፈራዋል?» የሚሉ ወገኖች አሉን። እኔም እንደዚያ እል ነበር።

ለእግር ኳስ በዓላችን ከሎስ አንጀለስ ወደ ዳላስ ስንጓዝ መኪናዬን የሚነዳው አሜሪካ የተወለደው የእህቴ ልጅ ነበር። ፊኒክስን እንዳለፍን ከፍጥነት ወሰን በላይ ነድቶ ፖሊስ አስቆመን። ልጁ መንጃ ፈቃዱን ሰጠ፣ በአገሬው አንደበት ይቅርታ ጠየቀ፣ አበቃ። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ሁለት ቃል ጣል ባደርግ ፖሊሱ አነጋገሬን ሰምቶ ወደ እኔ ዞረ።

የዋሽንግተን ግዛት መንጃ ፈቃዴን ሰጠሁት፤ አልበቃውም። ለካስ ሕጉ አንድን መታወቂያ እንደ በቂ ማስረጃ የሚቆጥረው ያወጣው ግዛት አስቀድሞ የመኖሪያ ሕጋዊነትን የሚጠይቅ ከሆነ ብቻ ነው። የእኛ ግዛት ለመደበኛው መንጃ ፈቃድ ይህን አይጠይቅም። ዜግነት ካገኘሁ 15 ዓመቴ ነው። ዜጋ ደግሞ ፓስፖርት ይዞ እንዲዞር የሚያስገድደው ሕግ የለም። ደግነቱ ፓስፖርቴ ከሻንጣው ሥር ነበር። በጁላይ ፀሐይ፣ አስፋልቱ ጫማ በሚያቀልጥበት ሰዓት፣ እህቴ የቋጠረችልኝን በርበሬና ሽሮ መንገድ ዳር ዘርግፌ አወጣሁት። ፖሊሱ በርበሬው ሸትቶት አስነጠሰው። ልጁ ሳቀ፤ እኔ አልሳቅሁም። አባቴ በደርግ ጊዜ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ለማውጣት ሲመላለስ ያየሁ ሰው ነኝ።

ሰውየው ባለጌ አልነበረም፤ የታዘዘውን ነው የሠራው። ጥፋቱ የሕጉ ነው። የያኔዋ የአሪዞና አገረ ገዢ ጃን ብሩወር እ.ኤ.አ. በአፕሪል 2010 የፈረሙት ይህ ሕግ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2012 ክርክር ከተነሳባቸው አራት ድንጋጌዎቹ ሦስቱን ሲሽርበት፣ አንዷ ተርፋለች፦ ፖሊስ በሌላ ምክንያት ያስቆመውን ሰው «ያለ ፈቃድ የሚኖር ነው» ብሎ በበቂ ምክንያት ከጠረጠረ ሁኔታውን እንዲያጣራ የምታዘው። ሕገ መንግሥቱ ከሚፈቅደው በቀር ዘርን መነሻ ማድረግ ክልክል ነው ተብሎ ተጽፏል። መልካም። ታዲያ ከወንበሬ ሳልነሳ፣ አነጋገሬ ካልሆነ በቀር፣ በምን ተጠረጠርኩ?

ሕጉ በወጣበት ሰሞን የፊኒክስ የቅርጫት ኳስ ቡድን ሕጉን በመቃወም የስፓኒሽ ስም የተጻፈበት መለያ ለብሶ ተጫውቶ ነበር፤ የሎስ አንጀለስ ከተማ ምክር ቤትም ከአሪዞና ጋር ንግድ እንዲቋረጥ ወሰነ። ያ ሁሉ ጩኸት ዛሬ በርዷል። የእኔ ግን አልበረደም። ካሊፎርኒያ ነዳጅ ውድ መሆኑን እያወቅሁ ድንበሩ ላይ ብላይዝ ከተማ ታንኬን እሞላለሁ። ኢንተርስቴት 10 አሪዞና ውስጥ 392 ማይል ነው፤ ኮሮላዬ በጭንቅም ቢሆን ኒው ሜክሲኮ፣ ሎርድስበርግ ታደርሰኛለች። እስከዚያ ዳቦ ቆሎ አለኝ፤ ቡናም በፔርሙስ። አሪዞና ከእኔ አንዲት ሳንቲም አታገኝም።

አንባቢያችሁ፣ ከሲያትል