ሳይጠማሽ ጠጪ

ይድረስ ለውድ እናቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ። ትናንት በስልክ ስለ ሙቀቱ ላነሳልሽ ስጀምር «እኔን ሙቀት አይበግረኝም» ብለሽ ወሬውን ወደ ልጆቹ መለስሽው። ስለዚህ በወረቀት ጻፍኩልሽ። ፊደሉን ያተለቅኩት ያለ መነጽር እንድታነቢው ብዬ ነው። አንብበሽ ስትጨርሺ ፍሪጁ በር ላይ ለጥፊው።

የእናንተን አካባቢ የሳምንት ትንበያ አየሁት። ዝናብ ጠብ አይልም፤ ደመናም የለም ማለት ይቻላል። ሰኞ 29 ዲግሪ፣ ማክሰኞ 31፣ ረቡዕ 33 ይልና ሐሙስ 36፣ ዓርብ 37 ይገባል። የሩቆቹ ቀናት ቁጥር በአንድ በሁለት ዲግሪ ከፍ ዝቅ ሊል ይችላል፤ ወዴት እንደሚሄድ ግን ግልጽ ነው። ደግሞ ይህ የሚለካው ጥላ ውስጥ ነው፤ አንቺ አበቦችሽ መሃል ስትቆሚ የሚያገኝሽ ከዚያ የባሰ ነው። እኔን ከቀኑ ይልቅ ያሳሰበኝ የሌሊቱ ነው። እስከ ረቡዕ ወደ 17 ይወርዳል፤ ከሐሙስ ጀምሮ ግን ከ22 በታች አይወርድም።

ምክንያቱ ካልገባሽ ነገር እንደማትቀበዪ ስለማውቅ ለምን ቀን በቀን እየጨመረ እንደሚሄድ ልንገርሽ። ከፍተኛ ግፊት ያለው አየር ከላያችሁ መጥቶ ተቀምጧል። እንዲህ ሲሆን አየሩ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ ሲወርድ ይታመቃል፣ ሲታመቅ ደግሞ ይሞቃል። በየ1 ኪሎ ሜትሩ ወደ 10 ዲግሪ ያህል ይጨምራል። ደመናም እንዳይፈጠር ስለሚያደርግ ፀሐይዋ ከጠዋት እስከ ማታ ከልካይ የላትም። መሬቱ እርጥብ ቢሆን ኖሮ ብዙው ጉልበቷ ውሃውን በማትነን ያልቅ ነበር። ደረቅ ሲሆን ግን አፈሩንና አየሩን ማሞቅ ላይ ይውላል። የቤትሽ ግድግዳም ቀን የጠጣውን ግለት ሌሊት ሳይጨርስ ይነጋበታል፤ በማግስቱ በዚያው ላይ ይደርብበታል። ማክሰኞ ደውዬ «ምንም አልሆንኩም» ብትዪኝ አምንሻለሁ። ዓርብ ግን ማክሰኞ አይደለም።

የበጋ መግቢያ መሆኑም ሌላ ጣጣ አለው። ሰውነት ሙቀትን ለመልመድ አንድ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል፣ አሁን ደግሞ ገና አልጀመረም። በአንቺ ዕድሜ ላይ የጥም ስሜት ይዳከማል፣ ላብም ያንሳል። አየሩ ደረቅ ሲሆን የወጣችውም ላብ ወዲያው ስለምትተን ውሃ እያለቀብሽ መሆኑን ቆዳሽ እንኳ አይነግርሽም። «አልሞቀኝም፣ አልጠማኝም» ስትዪኝ እውነትሽን እንደሆነ አውቃለሁ። የሚያስፈራኝም እሱው ነው።

ያለፈውን ዓመት አንስቼብሽ አላውቅም፤ ዛሬ ግን ላንሳው። ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ነበር የገባሁት። መጋረጃው ወለል ብሎ ተከፍቶ ፀሐይዋ ጉልበትሽ ላይ አርፋለች። ከጎንሽ ያለው ብርጭቆ ጠዋት እንደተቀዳ ሙሉ ነው፤ ላዩ ላይ ስስ አቧራ ሰፍፎበታል። እጅሽን ስይዘው ይፋጃል፣ ግን ደረቅ ነው። ቀና ብለሽ አየሽኝና በአጎቴ ስም ጠራሽኝ፤ እኛ ከቀበርነው ስንት ዓመቱ! አንገትሽና ብብትሽ ስር እርጥብ ፎጣ እያደረግሁ ስልክ ስደውል እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሐኪም ቤት ነቃ ስትዪ መጀመሪያ የጠየቅሁሽ «ጠምቶሽ ነበር ወይ?» ብዬ ነው። «ኧረ ምንም» አልሽኝ።

በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 አውሮፓን የመታው ሙቀት ከ70,000 በላይ ሰው ጨርሷል፣ አብዛኞቹም አረጋውያን ነበሩ። ብዙዎቹ ቤታቸው ውስጥ ብቻቸውን ነው ያረፉት።

እባክሽ እማዬ፣ ውሃ በሰዓት ጠጪ። ለአበቦችሽ እስኪጠወልጉ ጠብቀሽ አታውቂም፤ ለራስሽም እንደዚያው አድርጊ። ሐኪሙ የውሃ መጠን ወስኖልሽ ከሆነ ከዚያ አትለፊ። ሽንት የሚያሸናውን የግፊት ክኒን በራስሽ አታቁሚ፣ ግን ነገ ጠዋት ደውለን በዚህ ሙቀት እንዴት እንደሚወሰድ ሐኪምሽን አብረን እንጠይቃለን። መጋረጃውንና መስኮቱን ፀሐይ ሳትበረታ ዝጊ፤ ማታ ውጭው ከቤቱ ሲቀዘቅዝ ክፈቺ። አበቦቹን ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ አጠጪ። ሙቀቱ የሚበረታው እኩለ ቀን ላይ ይመስልሻል፤ ዋናው ግለት ግን ከ9 እስከ 11 ሰዓት ያለው ነው፣ መሬቱ ፀሐይ ዞር ካለችም በኋላ ማመንጨቱን ስለሚቀጥል። ያን ጊዜ በጓሮው በኩል ያለችው ክፍል ውስጥ ሁኚልኝ፣ ከሁሉም የምትቀዘቅዘው እሷ ናት። ቬንቲሌተሩን ብቻውን አትመኚው፤ ቤቱ ከጋለ የሚነፍስብሽ ያንኑ ትኩስ አየር ነው። ክንድሽንና ፊትሽን በውሃ አርጥበሽ ፊቱ ብትቀመጪ ግን በደንብ ያበርድሻል።

ራስሽን ካዞረሽ፣ ካቅለሸለሸሽ ወይም ጡንቻሽ ከተኮማተረ ለኔ ደውዪ፣ ሥራ ላይ ነው ብለሽ አታስቢ። ለጎረቤትሽም ነግሬያታለሁ። ንግግርሽ ተሳስቶ ከሰማች ወይም ሰው መለየት ካቃተሽ እኔን ሳትጠብቅ አምቡላንስ እንድትጠራ አደራ ብያታለሁ፤ እንዳትቆጫት።

በቀን ሦስት ጊዜ እደውላለሁ፤ ጠዋት 2 ሰዓት፣ ከቀኑ 9 ሰዓትና ማታ 2 ሰዓት ላይ። የምጠይቅሽ እንዴት ነሽ ብዬ ሳይሆን ከጠዋት ጀምሮ ስንት ብርጭቆ ጠጣሽ ብዬ ነው። ሐሙስ ማታ ከሥራ ስወጣ በቀጥታ እመጣለሁ፣ እስከ እሑድም አብሬሽ አድራለሁ። ቁልፉ እኔ ጋ አለ፤ በር ልክፈት ብለሽ እንዳትነሺ።

የሚወድሽ ልጅሽ