ቀኑን ንገሪኝ፣ እማዬ

ይድረስ ለውድ እናቴ፤ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ስልኩን "ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ" ብለሽ ስለምትዘጊው መጻፍ ይሻላል ብዬ ነው። ወንድሜ ያነብልሻል። እንዳይዘል ብቻ።

ማሙሽ የፊት ጥርሱ ወልቋል። ሲስቅ ቁርጥ አባዬን ነው። ሚጣ ደግሞ ለትምህርት ቤት ስለ ግብፅ ሙሚያ፣ እንዳይበሰብስ ተደርጎ ስለደረቀው ሬሳ፣ ጻፊ ተብላ ሰሞኑን ቤቱ ሬሳ በሬሳ ሆኗል። በስመ አብ በይ፣ ግን ስሚኝ። ነገሩን ከዘፍጥረት ታውቂዋለሽ። ያዕቆብ ግብፅ ሲሞት ባለ መድኃኒቶቹ 40 ቀን በሽቱ ያሹት፣ ግብፆቹም 70 ቀን ያለቀሱለት። ያው እሱ ነው።

እዚህ ቦስተን፣ ማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ውስጥ አንድ አለ። ፓዲሄርሼፍ ይባላል። አንድ የሆላንድ ነጋዴ ለከተማዋ ልኮት በፈረንጆቹ 1823 ሆስፒታሉ እጅ ገባ። ሆስፒታሉ ያኔ ገና አዲስ ነው፣ ገንዘብ ይፈልጋል። ስለዚህ በ25 ሳንቲም ለሕዝብ አሳዩት። ሰዉ ከፍሎ እየገባ አየው። ከዚያ በየከተማው አዞሩት። እስቲ አስቢው፣ ሙት ሰው ለሕመምተኛ ገንዘብ ሲለቅም! ሚጣን ይዣት ሄድኩ። ፊቱን የገለጡት ያኔ ሆስፒታሉ እጅ ሲገባ ነው፣ እስካሁንም እንደተገለጠ ነው።

ለንደን ደግሞ ባሰ። ፔቲግሩ የሚባል ሐኪም ሰው ሰብስቦ ሬሳ ከጨርቁ መፍታትን ሥራዬ ብሎ ያዘው። በ1834 አንዱን ሲፈታ አዳራሹ ጢም ከማለቱ የተነሳ የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ሳይቀሩ ቦታ አጥተው ተመለሱ። ጳጳስ፣ እማዬ! የሃሚልተኑ መስፍን ደግሞ ነገሩን ወደደውና እኔንም እንዲሁ አድርጉኝ አለ። በ1852 ሲሞት ያው ፔቲግሩ እንደ ግብፆቹ አድርጎ አደረቀው። እዚህ ቦስተንም በ1850 ግሊደን የተባለ ሰው "ሴት ናት" ብሎ ትኬት ሸጦ ሲፈታት ወንድ ሆና ተገኘች። ሚጣ በሳቅ ሞተች። እኔም ስቄያለሁ፣ አልዋሽሽም።

በ2021 ካይሮ ላይ 22ቱን ነገሥታትና ንግሥታት በመኪና አሰልፈው ወደ አዲሱ ሙዚየም ሲወስዷቸው በቴሌቪዥን አይተሽ፣ "ምን ኃጢአት ሠርተው ነው አፈር የተነፈጉት?" ብለሽኝ ነበር። ለሚጣ ነገርኳት፣ ጽሑፏ ውስጥ ከታዋለች።

እና እማዬ፣ የዚያን ሰው ፊት 25 ሳንቲም የከፈለ ሁሉ አይቶታል። የማንም አባት ያልሆነ ይመስል። እኔ የአባዬን ፊት አላየሁም።

ይሄን ስንት ጊዜ ልጽፍልሽ ብዬ ትቼዋለሁ። አባዬ ሲደክም "ጉንፋን ነው" አልሽኝ። ስደውል "ተኝቷል" አልሽኝ። ለካ ተቀብሮ ነበር። የቦስተን ሀበሻ ሁሉ ከእኔ ቀድሞ ያውቃል። ጎህ ሳይቀድ በሬ ተንኳኳ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። ምንም ሳይናገሩ ገባኝ። በሰው አገር ብቻዋን ምን ትሆናለች ብላችሁ እንደሆነ አውቃለሁ። ወጉም እንዲያ ነው። ግን ያ ወግ ዘመድ ለቀብር በበቅሎ በሚመጣበት ዘመን የተሠራ ነው። ዛሬ አውሮፕላን አለ። ያዕቆብስ ወደ ግብፅ ሲወርድ ዓይኑን ዮሴፍ እንደሚከድንለት እግዚአብሔር ራሱ ቃል ገብቶለት የለ? የአባዬን ማን ከደነው? እስከዛሬ አልነገርሽኝም። እኔም አልጠየቅሁም።

አንቺን ለመውቀስ አይደለም። ሌሊት ሌሊት እየሰፋሽ እንዳሳደግሽኝ መቼም አይጠፋኝም። ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ አሁንም ድረስ ያመኛል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ባለፈው ወንድሜ ሳያስበው "ከቀዶ ጥገናው በፊት" አለና ወሬ ቀየረ። የምን ቀዶ ጥገና? ሐሞትሽ ነው? ልብሽ ነው? ማሙሽ ሰላም ይልሻል እያልኩ ዘጋሁት፣ እጄ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ስኳርሽ ካልወረደ ደፍረው እንደማይነኩሽ አውቃለሁ፣ መድኃኒቱን እንዳታቋርጪ። ጾሙን በተመለከተ የንስሐ አባትሽን ጠይቂ፣ እሳቸው ከአንቺ ይሻላሉ። የላክሁት ብር ለሕክምናው ነው፣ ለማኅበሩ ድግስ አታውዪው። የምርመራውን ወረቀት ወንድሜ ዛሬውኑ ፎቶ አንስቶ ይላክልኝ።

ከሥራ ፈቃድ የማገኘው አስቀድሜ ስጠይቅ ነው። ስለዚህ ይሄን አንብቦልሽ ሲጨርስ ቀኑን እዚያው ንገሪውና ይጻፍልኝ። ትኬቱን ከዚያ በፊት ላለው ቀን ነው የምቆርጠው።

ልጅሽ፣ ከቦስተን