ጥንብ አንሳው ፊቱን አያይም

ጤና ይስጥልኝ አዘጋጁ፣

ስለ ንፋስ ኃይል ስትጽፉ ሜጋዋቱን እንጂ ወፎቹን አታነሱም። እኔ ላንሳቸው።

አዳማ ስመላለስ ኮረብታው ላይ የተደረደሩትን ተርባይኖች ሳላይ አላልፍም። አዳማ አንድና ሁለት የሚባሉት የንፋስ ኃይል ጣቢያዎች ሲደመሩ 136 ናቸው። ባለፈው የሚኒባሳችን ጎማ ተንፍሶ ቆመን ሳለ አንድ ጥንብ አንሳ ክንፉን አንዴም ሳያርገበግብ እየዞረ ሽቅብ ሲወጣ አየሁ። ተርባይኑ እንዳይመታው ብሰጋ አጠገቤ የነበረው ረዳት «ዓይን አለው አይደል፣ ዞር ይላል» አለኝ።

ግማሽ እውነት አለው። ብዙ ወፍ ዞር ይላል። ዴንማርክ፣ ኒስቴድ በሚባለው የባሕር ላይ ጣቢያ የባሕር ዳክዬዎችን በራዳር ሲከታተሉ አብዛኞቹ ገና ከሩቅ አቅጣጫ ይቀይሩ ነበር፣ የገቡትም በረድፎቹ መሀል ይሾልኩ ነበር። ጥንብ አንሳ ግን ሌላ ነው። ከባድ ስለሆነ እንደ ዳክዬ ክንፉን እየመታ ሩቅ አይሄድም፤ ኮረብታ መትቶ ወደ ላይ በሚወጣ ንፋስ ላይ ተንሳፍፎ ነው የሚጓዘው፣ መሐንዲሱም ቦታውን የመረጠው ለዚያው ንፋስ ነው እኮ! በዚያ ላይ ምግቡ መሬት ላይ ስለሆነ ያቀረቅራል። ሲያቀረቅር ደግሞ የዓይኑ አቀማመጥ ፊት ለፊቱን አያሳየውም። የተርባይኑ ክንፍ ከታች ሲያዩት ዝግ ያለ ይመስላል፤ ጫፉ ግን በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይሮጣል።

ተርባይኑ ይነቀል አላልኩም። መብራት እኔም እፈልጋለሁ።

ኖርዌይ፣ ስሞላ ደሴት ላይ ከተርባይኑ 3 ክንፎች አንዱን ጥቁር ቀብተው የወፎቹ ሞት ከ70 በመቶ በላይ ቀነሰ። የተሞከረው 4 ተርባይኖች ላይ ብቻ ስለሆነ ነገሩ አለቀ አይባልም፣ ግን ቀለም ነው፣ ሌላ ግድብ ሥሩ አላልን። ከቀለሙም በፊት የሞተ አህያና በሬ ሜዳ ላይ የመጣል ልማዳችን አለ። ተርባይን አካባቢ ከተጣለ ጥንብ አንሳውን ጠርቶ ማስመታት ነው። ስምጥ ሸለቆው ደግሞ ከአውሮፓ የሚመጡት ሽመላና ንስሮች መንገድ ነው፣ የኛዎቹ ብቻ አይደሉም።

«የሞተ ወፍ አላየንም» የሚል ይኖራል። ጅብ ባለበት አገር የወደቀው እስኪነጋ ይቆያል እንዴ? ስለዚህ ጋዜጠኛ የምትልኩ ከሆነ ጎህ ሳይቀድ ይድረስ፣ መጀመሪያም የሚያናግረው እዚያ የሚውሉትን እረኞች ይሁን።

አንባቢያችሁ፣ ከቢሾፍቱ