የቅሬታ ደብዳቤ፦ ቀኝና ግራ ስለተምታታበት ኦፕራሲዮን

ለሆስፒታሉ ሜዲካል ዳይሬክተር
ደሴ

አባቴ የቡአ ኦፕራሲዮን ሊደረግላቸው እናንተ ጋ ተኝተው ነበር። ቡአው በቀኝ በኩል ነው። የኦፕራሲዮን ፕሮግራሙ ላይ ግን «ግራ» ተብሎ ተጻፈ። ማደንዘዣው ከወገብ በታች ስለነበር አባቴ ነቅተዋል። ግራ ብሽሽታቸው በአዮዲን ሲቀባ «ልጆቼ፣ እኔን የሚያመኝ በዚህኛው ነው» ብለው ቀኙን አሳዩ። ሐኪሙ ካርዱን አስመጥተው አዩና ቆሙ። አልሐምዱሊላህ፣ ትክክለኛው ጎን ተሠርቶላቸው ወጡ። ሙሉ ማደንዘዣ ቢሆን ኖሮስ? ማን ይናገርላቸው ነበር?

አቤት ስል የተሰጠኝ መልስ «የጻፈችው ነርስ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷታል» የሚል ነው። ይህ አላረካኝም። ልጅቷ አዳር ተረኛ ነበረች። የሚተካት ሰው ስላልመጣ ጠዋትም እሷው ቀጠለች። ፕሮግራሙን የጻፈችው ስልክ እያነሳች፣ ለአስታማሚዎች መልስ እየሰጠች ነው። አጠገቧ ቆሜ አይቻለሁ። እንቅልፍ ያጣ ሰው ቀኝና ግራ ቢያምታታ አይገርምም። እሷን ብትቀጡ ነገ ሌላዋ ትሳሳታለች። የሚያስፈራው ከእሷ በኋላ ስህተቱን የያዘ አንድም ሠራተኛ አለመኖሩ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 እ.ኤ.አ. 19 ነጥብ ያለው የቀዶ ሕክምና ቼክሊስት ያወጣው ለዚሁ ነው። ከማደንዘዣ በፊት፣ ቆዳ ከመቀደዱ በፊት፣ ታካሚው ከክፍሉ ከመውጣቱ በፊት ይነበባል። ታንዛኒያን ጨምሮ በ8 አገሮች ባሉ 8 ሆስፒታሎች ሲሞከር የሞት መጠኑ ከ1.5 ወደ 0.8 በመቶ ወርዷል። ማሽን አይፈልግም።

ወረቀቱ እናንተም ጋ አለ። ለቁስል ቀጠሮ ፋይሉን ይዤ ስመላለስ አየሁት። ሁሉም ሳጥን ራይት ተደርጎበታል፤ ቦታው ምልክት ተደርጎበታል የሚለውም ጭምር። አባቴ ገላ ላይ ግን አንዲት የእስክሪብቶ ጭረት አልነበረችም! በጣም ያናደደኝ ይሄ ነው።

ስለዚህ ቼክሊስቱ ጮክ ተብሎ ይነበብ፤ ራይት የሚደረገውም ከተነበበ በኋላ ይሁን። ታካሚው ነቅቶ ሳለ፣ ራሱን ጠይቃችሁ፣ በማይለቅ እስክሪብቶ ቦታው ላይ ምልክት ይደረግ። ስም ሲጠራ እስከ አያት፣ ከካርድ ቁጥር ጋር ይሁን። ደሴ ላይ «ሰይድ» ብላችሁ ብትጣሩ ስንቱ አቤት እንደሚል ታውቁታላችሁ። ደግሞ ነርስም ሆነች የጽዳት ሠራተኛ የሚያጠራጥር ነገር አይታ «ዶክተር፣ አንዴ ይቆዩ» ስትል የሚቆጣት አይኑር።

ነርሷ ላይ የተጻፈው ማስጠንቀቂያ እንዲነሳላት፣ ምን እንደተስተካከለም በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የታካሚው ልጅ

ግልባጭ፦ ለከተማው ጤና መምሪያ