የፓሪሱን መዝጊያ ላላየሽው ልጄ

ደብረ ብርሃን፣ ነሐሴ 7 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ ልጄ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ክረምቱ ግን ዘንድሮ በርትቶብናል፤ ጉሙ ረፋዱ ድረስ አይገለጥም። እሑድ ማታ የሌሊት ተረኛ ስለነበርሽ የኦሊምፒኩ መዝጊያ እንዳመለጠሽ እናትሽ ነገረችኝ። በስልክ የሚዘዋወረው ቁራጭ ቪዲዮ ሁሉ ቶም ክሩዝ ከስታዲየሙ ጣሪያ ሲወርድ ብቻ የሚያሳይ ነውና፣ የቀረውን እኔ ልጻፍልሽ።

በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ጀመረ። እናትሽ ፍልሰታን በቅዳሴ ስለምታሳልፍ ቀድማ ተኛች። አያትሽ ግን ጋቢያቸውን ተከናንበው ከእኔ ጋር አመሹ። መጀመሪያ ላይ የታየው ፈረንሳዊው ጀግና ዋናተኛ ሊዮን ማርሻን ነው፤ የኦሊምፒኩ ነበልባል ከተንጠለጠለበት ፊኛ ሥር እሳቱን በትንሽ ፋኖስ ይዞ ወደ ስታዲየሙ ጉዞ ጀመረ። ፊኛው ላይ ያየነው ነበልባል በመብራትና በውሃ ጉም የተሠራ እንጂ እውነተኛ እሳት እንዳልነበረ ለአያትሽ ስነግራቸው፣ «ጉምማ እዚህም ሞልቶናል፤ መብራቱ ነው የቸገረን» አሉ።

ከዚያ አትሌቶቹ ገቡ። በመክፈቻው ቀን እያንዳንዱ አገር ተለይቶ በጀልባ ነበር የመጣው፤ በመዝጊያው ግን ማን ከየት እንደሆነ አይለይም፣ ሁሉም ተደባልቆ ነው የሚገባው። ይህ ልማድ የመጣው በደብዳቤ መሆኑን ታውቂያለሽ? በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ጆን ኢያን ዊንግ የሚባል የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ፣ አትሌቶቹ በመጨረሻው ቀን እንደ አንድ ሕዝብ ተቀላቅለው ይሂዱ ብሎ ለአዘጋጆቹ ጻፈ፤ እነርሱም ተቀበሉት። አገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ የተሳተፈችውም እዚያው ሜልቦርን ላይ ነው። ተማሪዎቼ ደብዳቤ ጻፉ ስላቸው ሲያዛጉ ይህን ታሪክ ባውቀው ኖሮ እነግራቸው ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ከቶኪዮ በፊት በመዝጊያው ላይ የሚሸለመው የወንዶች ማራቶን ነበር፤ በቶኪዮ የሴቶቹም አብሮ ተሸለመ። ፋጡማ ሮባ በአትላንታ ስታሸንፍ መዝጊያው ገና አንድ ሳምንት ይቀረው ነበር፤ ሜዳሊያዋንም በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል አልወሰደችም። ፓሪስ ቅደም ተከተሉን ገለበጠችው፦ ታምራት ቶላ ቅዳሜ ሮጠ፤ የመጨረሻው ቀን ለሴቶቹ ተተወ። እናም በዚያ ሁሉ ዘፈንና ጭፈራ መካከል መድረኩ ጸጥ አለና ሦስት ሴቶች ወጡ። ሲፋን ሐሰን ሂጃቧን ለብሳ፣ ትዕግስት አሰፋ፣ ኬንያዊቷ ሄለን ኦቢሪ። የተሰማው መዝሙር የሆላንድ ነው፤ ሲፋን ግን የአዳማ ልጅ ናት፤ ስለዚህ በቤታችን ያዘነም የተደሰተም አንድ ሰው ነበር፣ እርሱም እኔ ነኝ።

አንቺ እሑድ ረፋድ ስትደውዪ፣ ሲፋንና ትዕግስት በማራቶኑ መጨረሻ ላይ በክርን በተገፋፉበት ጉዳይ ተቆጥተሽ ነበር። የኢትዮጵያ አቤቱታ ቀረበ፣ ተቀባይነት አላገኘም። የሦስት ሰከንድ ልዩነት ነው፤ 2:22:55 እና 2:22:58። እኔ ግን ትዕግስት ብሩን አንገቷ ላይ ስታጠልቅ ስለ ክርን አላሰብኩም። ትዝ ያለኝ በ2008 ዓ.ም. ሪዮ ላይ ይህችው ልጅ የ800 ሜትር ሯጭ ሆና ከማጣሪያው አለማለፏ ነው። ከ800 ሜትር ተነሥታ፣ በርሊን ላይ በ2:11:53 የዓለምን ክብረ ወሰን ሰብራ፣ እዚህ መድረክ ላይ ቆመች። አጨበጨብኩ። አያትሽ «ምን ተገኘ?» አሉ፤ እንቅልፍ ሸለብ አድርጓቸው ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣው ወርቅ የለበሰ ፍጡር ከጣሪያ የወረደበት ትርኢት ብዙም አልማረከኝም። ፒያኖ ከነተጫዋቹ አየር ላይ ቁልቁል ተንጠልጥሎ ሲጫወት ግን ዓይኔን አላነሣሁም፤ ሰውዬው እንዴት እንደታሰረ ስመለከት ዜማው አመለጠኝ። አትሌቶቹ መድረኩን ወርረው በድምፅ ማጉያ «እባካችሁ ውረዱ» ሲባሉ እሺ አለማለታቸው ደግሞ አሳቀኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ በፊሽካ ሲታዘዙ የከረሙ ሰዎች ናቸው፤ ይፈቀድላቸው።

በመጨረሻ ማርሻን ፋኖሱን ይዞ ደረሰ። ከየአህጉሩ አንድ አንድ አትሌት አብሮት ቆመ፤ ለአፍሪካ ኬንያዊው የማራቶን ሯጭ ኪፕቾጌ ነበር። ያ ታላቅ ሰው በዋዜማው ታምራት ያሸነፈበትን ማራቶን አቋርጦ ወጥቷል፤ ቢሆንም መጣ። ሁሉም ጎንበስ ብለው እሳቱን እፍ አሉት። አያትሽ ተቆጡ፤ «ያን ያህል አገር ያዞሩትን እሳት እፍ?» ለሚቀጥለው ደግሞ ግሪክ ውስጥ ከፀሐይ እንደሚለኩሱት ነገርኳቸው። «በክረምት ከሆነ ይቸገራሉ» ብለው ወደ መኝታቸው ገቡ።

ወንድምሽ የማራቶኑን የመጨረሻ ኪሎ ሜትር በስልኩ ይዞታል። ለእንቁጣጣሽ ፈቃድ ካገኘሽ ነይና አብረን እንየው፤ ክርኑን ያኔ እንከራከርበታለን። እናትሽ የሽሮ እህል እያዘጋጀች ስለሆነ ባዶ ሻንጣ ይዘሽ ነይ ብላለች።

አባትሽ