መንገዱን በእርስዎ እግር ለካሁት

ባሕር ዳር፣ ጥር

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎስ ብርዱን እንዴት ቻለው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። በጥምቀት ማግስት ስደውልልዎ «እንግዲህ ጣናንም ዓባይንም አንቺ እይልኝ፤ የእኔ እግር ከደብሩ ቅጥር አያልፍም» ያሉኝ ከሆዴ አልወጣ አለ። ስለዚህ በዚህ ሳምንት በሄድኩበት ሁሉ የት ማረፊያ እንዳለ፣ የት ደረጃ እንደሚበዛ፣ የቱ ጋ ከዘራ እንደሚያንሸራትት እያየሁልዎ ነው የዞርኩት።

መጀመሪያ የሄድኩት ዘጌ ነው። ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል። በማለዳ ከተነሡ ሐይቁ ጸጥ ያለ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ግን ነፋስ ይነሣና ጀልባዋን ያንገላታታል፤ ስለዚህ የእኛ ጉዞ የጠዋት ይሆናል። ከጀልባው ማረፊያ እስከ ዑራ ኪዳነ ምሕረት መንገዱ በቡናው ጫካ ውስጥ ሽቅብ ይወጣል። ስወጣ ሃያ ደቂቃ ፈጀብኝ። ወርጄ እንደገና፣ አሁን እንደ እርስዎ ቀስ ብዬ፣ ሁለት ጊዜ ድንጋይ ላይ ዐርፌ ወጣሁት፤ አርባ ደቂቃ ሆነ። ጥላው ከታች እስከ ላይ አይለይም። የመንደሩ ሰው አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ሰባብረው ቢተክሉት ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ሆኖ በቀለ ብሎ ያወራል፤ እርስዎ ግን ይህን ከእኔ ይበልጥ ያውቁታል።

አባባ፣ ሥዕሉን እንዴት አድርጌ ልንገርዎ! ጫማዬን አውልቄ ቅኔ ማኅሌቱን አልፌ ወደ መቅደሱ ግድግዳ ቀና ስል፣ ልጅ ሳለሁ በደብራችን ሥዕል ፊት አቁመው ያስተማሩኝ መጣብኝ። «በጎው ሰው ሁለቱም ዓይኖቹ ይታያሉ፤ ክፉው ግን በጎኑ ነው የሚሣለው፤ የሚታየው አንድ ዓይኑ ብቻ ነው» ብለውኝ ነበር። በዚያች ትምህርት ብቻ ያለ አስጎብኚ ግድግዳውን አነበብኩት። በላዔ ሰብእንም አገኘሁት፤ 78 ነፍስ በልቶ፣ በእመቤታችን ስም ለተጠማ በሰጣት ጥርኝ ውኃ ሚዛኑ ያጋደለለትን። እርስዎ ሲተርኩልኝ ሁልጊዜ እዚህ ላይ ድምፅዎ ይሰበር ነበር፤ እኔም እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። ጠርዙ በተላቀቀበት በኩል ደግሞ ሥዕሉ በጨርቅ ላይ ተሥሎ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ መሆኑን አየሁ። ያ ጨርቅ እርጥበት እንዳይበላው ምነው የሚጠብቀው በበዛ አልኩ።

አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ፣ የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል ውስጥ ብዙ ቀን ቆሜ አውቃለሁ፤ እወደዋለሁም። እዚያ ግን ሰው ሥዕሉን ዝም ብሎ አይቶ ይወጣል። እዚህ አንዲት እናት ግድግዳውን ከተሳለሙ በኋላ «አንበሳ ላይ የተቀመጡት አባ ሳሙኤል ናቸው» እያሉ ለልጅ ልጃቸው ያስረዱ ነበር። እርስዎን መሰሉኝ። በሐይቁ ደሴት ያለው የክብራን ገብርኤል ገዳም ሴት ስለማያስገባ ከሩቁ ተሳልሜ አለፍኩ፤ የዚያን ውስጥ እርስዎ ገብተው አይተው ይነግሩኛል።

እሑድ ስታዲየም ገባሁ። የባሕር ዳር እግር ኳስ ቡድን፣ የጣና ሞገዶቹ፣ ሲጫወቱ ሕዝቡ እንዴት እንደሚዘምር! ደረጃው ለጉልበትዎ ይከብዳል፤ ታችኛው ረድፍ ላይ ከተቀመጡ ግን ሜዳው በደንብ ይታያል። በ1954 ዓ.ም. ግብፅን 4 ለ 2 ስናሸንፍ ደብረ ማርቆስ ሻይ ቤት ደጃፍ ከሬዲዮ ሥር ተኮልኩላችሁ የሰማችሁትን፣ አራተኛዋን መንግሥቱ ወርቁ ሲያገባ ባለቤቱ ሻይ በነፃ የቀዳላችሁን አስታወስኩ። አጠገቤ ለተቀመጠ ልጅ ነገርኩት፤ ዓይኑን አፍጥጦ «አባትሽ በሕይወት አሉ?» አለኝ። «አሉ፤ በጥቅምት ይመጣሉ» አልኩት። ሳላማክርዎ ቃል ገባሁብዎ፤ ይቅር ይበሉኝ።

ጢስ ዓባይ አሁን በጋ ስለሆነ ውኃው ቀጭን ነው፤ ከወንዙ የሚበዛው ወደ መብራት ማመንጫው ይሄዳል። ተማሪዎችዎን ይዘው በመጡ ጊዜ ጢሱ ከሩቅ ልብሳችሁን እንዳራሰው ይነግሩን የነበረው አሁን የለም። ዝናቡ እንደወጣ፣ በመስከረምና በጥቅምት ግን ይሞላል ይላሉ። በአላታው የድንጋይ ድልድይ በኩል ያለውን መንገድ ሞከርኩት፤ ቁልቁለቱ ድንጋያማ ነው፣ ለእርስዎ አልፈቅድም። ከፏፏቴው በላይ ግን በጀልባ ወንዙን ተሻግሮ የሚኬድበት ሌላ መንገድ አለ፤ ሜዳ ነው፣ ከብት የሚሰማራበት። እርሱን ሁለት ጊዜ ተመላልሼ አየሁት፤ ከዘራዎ ይበቃል።

ከማርቆስ ሲመጡ ቡሬና ዳንግላ ላይ እያረፍን እንመጣለን፤ እኔው መጥቼ እወስድዎታለሁ። ሐኪሙን ስለ ጉልበትዎ አሁኑኑ ይጠይቁልኝና በስልክ ይንገሩኝ። ይህን ደብዳቤ ለሚያመጣልዎ ሰው ሁለት ኪሎ የዘጌ ቡና ሰጥቼዋለሁ፤ እናቴ ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ ታስጣው፣ ገና እርጥበት አለው።

የምትወድዎት ልጅዎ