ከወደቡ ጀርባ ያለው ጨው

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

ስለ ሕንድ ወደቦች ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ይሁን እንጂ በታሚል ናዱ ክፍለ ግዛት፣ በማናር ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ የሚገኘው የቱቱኩዲ አውራጃ የተነሣው በመርከብና በኮንቴይነር ብቻ በመሆኑ፣ የነዋሪው ኑሮ ግማሹ ተዘሏል ባይ ነኝ።

በስተምዕራብ የተዘረጋው የጋትስ ተራራ ሰንሰለት የደቡብ ምዕራቡን ሞንሱን (ዝናብ አምጪውን ወቅታዊ ነፋስ) ስለሚጋርደው፣ አውራጃው አብዛኛውን ዝናብ የሚያገኘው ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር ባሉት ወራት ነው፤ የተቀረው ጊዜ ደረቅ ነው። ይህ ድርቀት ለገበሬው ፈተና፣ ለጨው አምራቹ ግን ሲሳይ ነው፤ ታሚል ናዱ በጨው ምርት ከጉጃራት ቀጥላ የምትጠራውም በዋናነት በዚሁ አውራጃ ምክንያት ነው። ሠራተኞቹ ፀሐይ ሳትበረታ ማልደው የባሕር ውሃ በፀሐይ ተንኖ ጨው ወደሚቀርበት ጨው መደብ ይወርዳሉ፤ ወንዶቹ ረጅም እጀታ ባለው የእንጨት መቧጠጫ የጨውን ፍሬ ወደ ዳር ይስባሉ፣ ሴቶቹም በራሳቸው ተሸክመው ይከምሩታል። ከነጩ ጨው ላይ የሚያንጸባርቀው ብርሃን ዓይንን ክፉኛ ይጎዳል፤ ዝናብ ሲገባ ደግሞ ሥራው ይቆማል፣ ገቢም አብሮ ይቋረጣል።

የዝናቡ ጠባይ እንደ ቀድሞው አለመሆኑም መነሣት ነበረበት። በዲሴምበር 2023 እ.ኤ.አ. በአውራጃው በምትገኘው በካያልፓቲናም ከተማ በ24 ሰዓት ውስጥ ብቻ ከ900 ሚሊ ሜትር በላይ ዘንቧል፤ ይህም የአውራጃውን የሙሉ ዓመት አማካይ የሚበልጥ ነው። መንገድና ባቡር ተቋርጦ፣ ተከምሮ የነበረ ጨው በጎርፍ ታጥቦ ሄዷል። ስለዚህ ወደቡን ስለማስፋፋት ስትጽፉ፣ የጨው መደቦቹንና የጎርፉን መውረጃ አብራችሁ እንድትመለከቱ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንባቢያችሁ